«እህል ይቀምሳል?» ወይም የበሽተኛን የምግብ ሁኔታ ስለ መመርመር

በአገራችን ሰው ታሞ ሲተኛ ጠያቂ ከደጅ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ የሚያነሣው ጥያቄ «እህል ይቀምሳል?» የሚል ነው። ትኩሳቱ ስንት ደረሰ፣ የደም ሥሩ እንዴት ይመታል ብሎ የሚጀምር የለም። «ይቀምሳል» ከተባለ ጠያቂው እፎይ ይላል፤ «አፉን ዘግቷል» ከተባለ ግን ፊቱ ይጠቁራል። ሕዝባችን ከጥያቄ ሁሉ ይህን ያስቀደመው ያለ ምክንያት አይደለም። በሽታ ጦርነት ቢሆን ምግብ የጦሩ ስንቅ መሆኑን ማንም ሳያስተምረው ዐውቆታል።

እኛ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብተን ነጭ ጋዋን ከለበስን በኋላ ይህን ጥያቄ ለአስታማሚ እንተወዋለን። የበሽተኛውን የደም ግፊት፣ ትኩሳትና ትንፋሽ መዝግበን ስናበቃ፣ ሰውነቱ ስንቅ አለው ወይስ የለውም የሚለው ባዶ ቦታ ሆኖ ይቀራል። ወይም ከሩቅ አየት አድርገን «ወፍራም ነው»፣ «ቀጭን ነው» ብለን እንፈርዳለን። የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም የምግብ እጦት በዓይን አይፈረድበትም፤ ይለካል፣ ይዳሰሳል፣ ይጠየቃል የሚል ነው። የምንጽፈውም ለሕክምና ተማሪዎች ብቻ አይደለም። የሕግም፣ የምሕንድስናም፣ የታሪክም ተማሪ ለዕረፍት ወደ ወላጆቹ ቤት ሲመለስ ከዚህ በታች ከምንዘረዝረው አብዛኛውን በአንድ የልብስ ሰፊ ሜትርና በአውራ ጣቱ ሊሠራው ይችላል።

ዓይናችን እንዳሳተን

ለመስክ ትምህርት ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ ወጥተን በነበረ ጊዜ የደረሰብንን ብንናገር ነገሩን ያስረዳልናል። ወሩ ነሐሴ ነበር፤ የአምናው እህል ከጎተራ ያለቀበት፣ የዘንድሮው ገብስ ገና ያልደረሰበት ወር ነው። በአንድ የጤና መስጫ ቤት በረንዳ ላይ ልጆቻቸውን ሊያሳዩ ከተሰለፉት እናቶች አንዲቱ፣ ሁለት ዓመት ገደማ የሚሆነውን ወንድ ልጇን አዝላ ቀረበች። ጉንጩ ሞላ ያለ፣ እግሩም ድቡልቡል ነበር።

«እኅታችን፣ ልጅሽ እንዴት ነው?» አልናት።

«እግዜር ይመስገን፣ ወፍሮልኛል። ብቻ ጨዋታ ትቷል፤ ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ ይውላል።»

ከእርሱ በፊት ያየናቸው ልጆች ሁሉ ቀጫጮች ስለ ነበሩ የዚህን ጉንጭ አይተን ደስ አለን። በመዝገቡ ላይ «ደኅና ነው» ብለን ጽፈን ተረኛዋን ጠራን። በአጠገባችን የነበሩት በዕድሜ የገፉ ነርስ ግን «ቆዩ እስቲ ልጆቼ» ብለው ሕፃኑን ተቀበሉ። በሁለቱም እግሮቹ ላይ አውራ ጣታቸውን አሳርፈው ለጥቂት ጊዜ ጫን አድርገው ያዙ። ጣታቸውን ሲያነሡ ጉድጓዱ በልጁ እግር ላይ ቀረ። ወፈረ ያልነው ልጅ ውሃ የቋጠረ ነበር። እናቱ «ጨዋታ ትቷል» ስትል በሽታውን ነግራን ነበር፤ እኛ ግን የሰማናት «ወፍሮልኛል» ያለችውን ብቻ ነው።

ልጁ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ተልኮ ዳነ። ቢሆንም «ደኅና ነው» የሚለውን ቃል ከመዝገቡ ስንሰርዝ ያፈርነውን ዕፍረት እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

ይህ በሽታ በሕክምና መጻሕፍት ክዋሺዮርኮር ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1935 ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቁት ዛሬ ጋና በምትባለው አገር ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ሲስሊ ዊልያምስ ናቸው። ቃሉም የዚያው አገር ሰዎች ቃል ሲሆን፣ ታናሽ ሲመጣበት ከእናቱ ጡት የሚወርደውን ልጅ የሚይዝ በሽታ ማለት ነው። ቀድሞ የፕሮቲን እጦት ብቻ ያመጣዋል ይባል ነበር፤ ዛሬ ግን ምክንያቱ ከዚያ የተወሳሰበ መሆኑ ታውቋል። ልጁ ያብጣል፣ ፀጉሩ ይሳሳል፣ ቀለሙም ይለወጣል፣ ቆዳው ይላላጣል፣ ከሁሉ በላይ ግን ፈገግታ ይጠፋዋል። ሁለተኛው ዓይነት ማራስመስ የሚባለው ነው፤ በዚህ ጊዜ ልጁ ሥጋውም ስቡም አልቆ ፊቱ የሽማግሌ ፊት ይመስላል። ይህኛውን ዓይን ያየዋል። ያኛው ነው ዓይንን የሚያታልለው።

ሰውነት የሚፈልገው ስንቅ

ወደ ምርመራው ከመግባታችን በፊት ሰውነት ምን እንደሚፈልግ ባጭሩ እንመልከት። ምግብ ሦስት ሥራ አለው፤ ኀይል ይሰጣል፣ ይገነባል፣ ይጠብቃል።

ኀይል የሚሰጡት በተለይ እህልና ቅባት ናቸው። አንድ ግራም የእህል ገንቦ ወይም ስኳር 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን ደግሞ እንዲሁ 4 ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ቅባት ግን 9 ካሎሪ ይሰጣል። ስለዚህ ሆዱ ትንሽ የሆነ ሕፃን ቀጭን አጥሚት በገበቴ ሙሉ ከሚጠጣ ይልቅ፣ ወፈር ባለ ገንፎ ላይ አንድ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት ቢጨመርለት የበለጠ ይጠቅመዋል። ቀጭኑ አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ሰውነት አያጠግብም።

የሚገነባው ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ከብዙ ዓይነት ጥሬ ዕቃ የተሠራ ሲሆን፣ ከጥሬ ዕቃዎቹ አንዳንዶቹን ሰውነት ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። ገብስና ስንዴ ላይሲን የተባለው ይጎድላቸዋል፤ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር ግን ላይሲን ሞልቷቸዋል። ጥራጥሬ የሚጎድለውን ደግሞ እህል ይሞላለታል። እንግዲህ እንጀራን በሽሮ የበሉ፣ የገብስ ቆሎን ከሽምብራ ጋር የቆሉ እናቶቻችን ኬሚስትሪ ሳይማሩ ትክክለኛውን ሒሳብ ሠርተዋል ማለት ነው። ሒሳቡ የሚበላሸው ሽሮው ሲቀጥንና እንጀራው ብቻውን ሲቀር ነው።

የሚጠብቁት ቪታሚኖችና ማዕድናት ናቸው። የሚያስፈልጉት በጥቂቱ ነው፤ ሲጎድሉ ግን ጉዳታቸው ብዙ ነው። ቪታሚን ኤ ሲጎድል ልጅ ሲመሽ ማየት ይሳነዋል፤ ሕዝባችን ዳፍንት የሚለው ይህን ነው። ብረት ሲጎድል ደም ያንሳል። አዮዲን ሲጎድል አንገት ላይ እንቅርት ይወጣል። ዝናብ ለብዙ ዘመን አፈሩን አጥቦ የወሰደበት የደጋ ተራራ አዮዲን ስለሚያንሰው፣ በእንደዚህ ያለ አገር የበቀለ እህልም አዮዲን ያንሰዋል። እንቅርት የአንገት መበላሸት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። አዮዲን የጎደላት ነፍሰ ጡር የምትወልደው ልጅ ግን አእምሮው ሊደነዝዝ ይችላል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ከቀልድ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝ ደንብ በአገራችን የወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ስንቁ ሲያልቅ ምን ይሆናል? ሰውነት በጉበት ያስቀመጠው ስኳር ከአንድ ቀን ብዙም አያልፍም። ከዚያ በኋላ ስቡን ያነዳል፤ ስቡ ሲያንስ ደግሞ ጡንቻውን እየሸረፈ ይበላል። የልብም፣ የትንፋሽም ሥጋ ከጡንቻ ወገን መሆኑን ልብ በሉ። በሽታን የሚከላከለው ኀይልም አብሮ ይደክማል። ስለዚህ የተራበን ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ራሱ ረሃቡ አይደለም፤ ሌላው ልጅ በሳምንት የሚድንበት ተቅማጥ፣ ኩፍኝ ወይም የሳንባ ምች ነው። በሞት መዝገብ ላይ የሚጻፈውም የምቹ ስም ነው። ረሃቡ ስሙ ሳይጠራ ያልፋል።

አራቱ መንገዶች

ዴሪክ ጄሊፍ የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1966 በዓለም የጤና ድርጅት በኩል ባሳተሙት መጽሐፍ የምግብን ሁኔታ የመመርመሪያ መንገዶችን አቀነባብረው አቅርበዋል። እስከ ዛሬም ትምህርቱ የሚሰጠው በአራት ተከፍሎ ነው፤ መለካት፣ የበሽታ ምልክት መፈለግ፣ ደምና ሽንት መመርመር፣ ስለ አበላል መጠየቅ። አንዱ ብቻውን ያሳስታል፤ አራቱ ግን እርስ በርሳቸው ይተራረማሉ።

1ኛ፤ መለካት። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ ከሁሉ የሚቀለው የክንድ ዙሪያ ነው። በዚህ ዕድሜ የደኅና ልጅ ክንድ ዙሪያ ብዙ ስለማይለዋወጥ አንድ ወሰን ለሁሉም ያገለግላል። የግራ ክንድ ይያዛል፤ ከትከሻው ጫፍ እስከ ክርኑ ጫፍ ተለክቶ እኩሌታው ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ክንዱ ዘና ብሎ ተንጠልጥሎ ሳለ ሜትሩ ሳይጠብቅና ሳይላላ ይጠመጠማል። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ልጁ በከባድ አደጋ ላይ ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ያለው መካከለኛ ጉዳት ነው። 12.5ና ከዚያ በላይ ከሆነ በዚህ መለኪያ ደኅና ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም በክንዷ ትለካለች፤ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነች እርሷም ማኅፀኗም ምግብ ይጠብቃሉ።

ክብደት ከቁመት ጋር ሲመዛዘን የቅርቡን ረሃብ፣ ቁመት ከዕድሜ ጋር ሲመዛዘን የቆየውን ረሃብ ይነግረናል። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ተኝቶ ይለካል፤ ከዚያ በላይ ያለው ቆሞ። ዕድሜውን ስንጠይቅ እናቲቱ ቀኑን ባታስታውስ በበዓላቱ እንሄዳለን፤ «ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ? ለኅዳር ሚካኤል ይድህ ነበር?» እያልን ወሩ ላይ እንደርሳለን። የቆየው ረሃብ ከሁሉ ይበልጥ የተሸሸገ ነው። ልጁ አልከሳም፤ አጠረ እንጂ። የአምስት ዓመቱ ልጅ ሦስት ዓመት ይመስላል፤ የመንደሩ ልጆች ሁሉ እንደ እርሱ ስለ ሆኑ ግን የሚደነቅ የለም። «ቁመቱ ያባቱ ነው» ይባላል። የዓለም የጤና ድርጅት ብራዚልን፣ ጋናን፣ ሕንድን፣ ኖርዌይን፣ ኦማንንና አሜሪካን አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መለኪያ፣ በደኅና የተመገቡ ሕፃናት እስከ አምስት ዓመታቸው ድረስ በየትም አገር ቢወለዱ እጅግ ተቀራራቢ ሆነው እንደሚያድጉ ታውቋል። እንግዲህ ጥፋቱን ሁሉ በዘር ማሳበብ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶ 38ቱ ከዕድሜያቸው ያጠሩ ሲሆኑ፣ በአማራ ክልል ግን ከመቶ 46 ነበሩ።

ለዐዋቂ ሰው ክብደቱን በኪሎ፣ ቁመቱን በሜትር ይዘን፣ ክብደቱን ለቁመቱ ሁለት ጊዜ እናካፍላለን። 1 ሜትር ከ65 የሚረዝም 48 ኪሎ የሚመዝን ሰው 17.6 ይሆናል። ከ18.5 በታች ያለው ከሲታ፣ ከ16 በታች ያለው በጣም የተጎዳ ነው። ከዚህ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ለውጡ ነው። 60 ኪሎ የነበረ ሰው በስድስት ወር ውስጥ ሳያስበው 6 ኪሎ ከቀነሰ፣ ማለት ከመቶ 10 ካጣ፣ መልኩ ደኅና ቢመስልም ከባድ ምልክት ነው። «ክብደቱን ከዚህ በፊት ማን መዝኖት?» ትሉ ይሆናል። ቀበቶውን እዩ። አሮጌው ቀዳዳ የት ነበር፣ አዲሱ የት ነው? የሴቲቱ ቀለበት ይሾልካል? ኮቱ ከትከሻው ይወርዳል? እነዚህ ሁሉ ሚዛን ናቸው።

2ኛ፤ ምልክት መፈለግ። በመጀመሪያ እኛ የዘለልነው እብጠት ነው። በሁለቱም እግሮች ላይ አውራ ጣትን ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጭኖ ማንሣት፤ ጉድጓድ ከቀረ የልብ ወይም የኩላሊት በሽታ አለመሆኑን ሐኪም ያጣራል፤ ካልሆነ ግን የክንዱ መለኪያ ምንም ቢል ልጁ በከባድ የምግብ እጦት ውስጥ ነው። ቀጥሎ ዓይን፤ በነጩ ላይ አረፋ የመሰለ ነጥብ ካለ ቪታሚን ኤ ጎድሏል። የዓይን ቆብ ውስጥና መዳፍ ከነጡ ደም አንሷል። አንገትን በእጅ ዳስሶ እንቅርት መፈለግ ይገባል። የእጅ አንጓው ካበጠ፣ እግሩም ከተንሻፈፈ ሪኬትስ ነው፤ ይኸውም በብዛት ፀሐይ ካለማግኘት የሚመጣ ነው። በሰሜን ብርድ እናት ልጇን ከቁር፣ ከምችና ከሰው ዓይን ስትሸሽግ በጥቢ ፀሐይ እንኳ ሳታወጣው ትቀራለች። በአዲስ አበባ በሕፃናት ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ሥራ፣ የሳንባ ምች በያዛቸው ሕፃናት ላይ ሪኬትስ ከሌሎቹ እጅግ በዝቶ መገኘቱን አሳይቷል። የደረት አጥንት ሲለሰልስ ትንፋሽም ይደክማልና።

3ኛ፤ ደምና ሽንት። ይህ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ነገር ግን ቁጥር ሁሉ ከአገሩ ጋር መነበብ እንዳለበት የሰሜን ተራራ ራሱ ያስተምረናል። ወደ ከፍታ በወጣን መጠን አየር ይሳሳል፤ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ይህን ለማካካስ ደማቸው ሄሞግሎቢን ያበዛል። ስለዚህ በከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ደም አንሶታል ለማለት ወሰኑ ከፍ እንዲል መጻሕፍት ያዛሉ። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪና ጓደኞቻቸው ግን በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ወደ ጨነቅ በሚወስደው አገር፣ በአምባራስ 3,530 ሜትር ላይ ይኖሩ የነበሩትን ሰዎች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ውጤት ሌላ ነበር። የአምባራስ ሰዎች ሄሞግሎቢን በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም ነበር፤ ሰውነታቸው ከፍታውን የለመደው በሌላ መንገድ ነው። እንግዲህ ከአንዲስ የተቀዳውን ወሰን ሳንመረምር ደባርቅ ላይ ብናውለው ጤነኛውን ሁሉ ደም አንሶሃል ልንለው እንችላለን። ዓይን እንደሚያሳስት ሁሉ መጽሐፍም ካላስተዋሉት ያሳስታል።

4ኛ፤ መጠየቅ። ይህ ከሁሉ የቀለለ ይመስላል፤ ከሁሉ ግን የሚከብደው ይህ ነው። «በደንብ ትበላለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። ባላገር ጨዋ ነው፤ ቤቱ ባዶ ቢሆንም «እግዜር ይመስገን» ይላል እንጂ ርቦኛል አይልም። ስለዚህ ጥያቄው የትናንቱን ቀን ከንጋት ጀምሮ የሚከተል ይሁን። ጠዋት ምን ቀመሰ? ወጡ የምን ነበር? ዘይት ገብቶበታል? ልጁ ለብቻው ይሰጠዋል ወይስ ከታላላቆቹ ጋር ከአንድ ገበታ ይበላል? ከአንድ ገበታ የሚበላ ሕፃን እጁ ዝግተኛ ስለሆነ እርሱ አንድ ሲጎርስ ታላላቆቹ ሦስት ይጎርሳሉ። ደግሞም ትናንት በዓል ነበር ወይስ ጾም? ዘመኑስ ጥር ነው ወይስ ነሐሴ? የአውድማ ወር መልስና የክረምት መልስ አንድ አይደሉም።

በዳባትና በደባርቅ ስለ ምግብ ጠይቆ ስለ ጾም አለመጠየቅ አይቻልም። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከሰባት ዓመት በታች ያለውን ሕፃን ጹም አይለውም። ዳሩ ግን ቤቱ በሙሉ በሚጾምበት በሁዳዴ 55 ቀን ለአንድ ሕፃን ብሎ ወተት የሚያፈላ፣ ዕቃው የፍስክ እንዳይነካው የማይሰጋ ቤት ጥቂት ነው። የሆስፒታል በሽተኛም የሚታዘዝለትን ወተት ላይቀበል ይችላል። ይህን በክርክር የሚያሸንፍ ተማሪ አላየንም። የንስሐ አባቱን ጠርቶ በአክብሮት ያማከረ ግን ብዙ ጊዜ ፈቃድ ያገኛል፤ ቄሱ አንድ ቃል ሲናገሩ የእኛ ሰዓት ሙሉ ስብከት ያልሠራውን ይሠራልና።

ክሳት ሁሉ ረሃብ አይደለም

እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ከዳባትና ከደባርቅ ብዙ ወጣት ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራና ወደ መተማ ይወርዳል። ከወራት በኋላ አጥንቱ ወጥቶ የተመለሰ እንደሆነ ዘመድ «ሥራው በላው፤ በደንብ ይብላ» ይላል። ትኩሳቱ ከሳምንታት በላይ ከቆየ፣ ሆዱም በግራ በኩል ጣፊያው ካበጠ ግን ካላዛር ሊሆን ይችላል። የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ይህ በሽታ በቆላው ይያዛል፤ ካልታከመ ይገድላል። ሳምንታት የዘለቀ ሳል ያለበት ከሲታም እንዲሁ ስለ ሳንባ ነቀርሳ ይመርመር። በሽታ ያከሳል፣ ክሳት በሽታ ይጠራል፤ ሁለቱ ተያይዘው ይሄዳሉ። አንዱን ብቻ ያከመ ሐኪም ሁለቱንም አላከመም።

ደግነት እንዳይገድል

በጣም የተራበ ሰው ሲገኝ የአገራችን ልብ የሚያዝዘው አንድ ነገር ነው፤ አብላው፣ አጥግበው። በጣም ለተጎዳ ሰው ግን ይህ ደግነት ሊገድል ይችላል። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ሥራውን ሁሉ ዝቅ አድርጎ ስለሚኖር፣ ብዙ ምግብ በአንድ ጊዜ ሲገባበት በደም ውስጥ ያሉት ጨዎች፣ በተለይ ፎስፌት፣ በድንገት ይወርዳሉ፤ ልብም ይከዳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ከእስር ሰፈሮች የወጡ ረሃብተኞች ምግብ በበዛላቸው ጊዜ መሞታቸው የታወቀ ነው። ስለዚህ ከባድ ጉዳት የደረሰበት ልጅ ሆስፒታል ሲገባ በመጀመሪያ የሚሰጠው ወተት በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ ብቻ ያለው፣ በጥቂት በጥቂቱ ሌትም ቀንም የሚሰጥ ነው። እብጠቱ ሲቀንስና የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስ ወደ 100 ካሎሪው ይሻገራል። ሌላ በሽታ የሌለበትና ምግብ የሚፈልግ ልጅ ግን መተኛት አያስፈልገውም፤ ከለውዝ፣ ከወተት፣ ከዘይትና ከስኳር የተሠራው፣ አንዱ ከረጢት 500 ካሎሪ የሚሰጠው ምግብ እየተሰጠው በቤቱ ይድናል።

ከጨነቅ አቅጣጫ ወደ ደባርቅ በሌሊት ለሚመጣ ልጅ ደግሞ ብርዱ ሌላ ጠላት ነው። የተራበ ሕፃን ራሱን ማሞቅ አይችልም። እናቱ ገላውን በገላዋ ላይ አድርጋ በጋቢ ትሸፍነው፤ በየመንገዱም የስኳር ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይቅመስ። ይህን ለማድረግ ዲግሪ አያስፈልግም።

ለምን እንጽፋለን

በዚህ አካባቢ የጤና ትምህርት የቆየ ታሪክ አለው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የጤና ጥበቃ ሠራተኞችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ለመላክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ ኢትዮጵያና ስዊድን በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የሕፃናት የምግብ ጥናት ክፍል በኋላ የኢትዮጵያ የምግብ ጥናት ኢንስቲትዩት ሆኖ ፋፋን ለእናቶች አስተዋውቋል። በዳባትም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕዝቡን ውልደት፣ ሞትና ጤና የሚከታተል የምርምር ጣቢያ አለው።

ይህ ሁሉ እያለ ግን በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት እስከ ዳባት ደጃፍ ደረሰ፤ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከተራራው ማዶ በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ዝናብ ጠፍቶ ሰብል ጠወለገ፣ ከብት አለቀ፣ ብዙ ሰው ቀዬውን ለቀቀ። በእንደዚህ ያለ ጊዜ አንድ ወረዳ ተርቧል ወይስ አልተራበም ለሚለው ክርክር ከሚቀርቡት ማስረጃዎች አንዱ የሕፃናት ክንድ መለኪያ ነው። እንግዲህ በአንድ በረንዳ ላይ ሳይዳስሱ «ደኅና ነው» ብሎ መጻፍ አንድን ልጅ ብቻ አይጎዳም፤ የወረዳውን እውነት ያጠፋል። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ተሸሽጎ በነበረ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ለተማሪው ማሳየታቸውን እናስታውስ። ረሃብ የሚሸሸገው በክፉ ሰው ብቻ አይደለም፤ በማይለካ ሰውም ይሸሸጋል።

ስለዚህ ጓደኞቻችን፣ በዚህ ዕረፍት ወደ አገራችሁ ስትሄዱ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። የታናናሾቻችሁንና የጎረቤት ልጆችን ክንድ ለኩ፤ እግራቸውን ተጫኑ፤ ከ11.5 በታች ወይም ጉድጓድ ያገኛችሁበትን ልጅ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ውሰዱ። የቤታችሁ ጨው አዮዲን ያለው መሆኑን እዩ፤ ካለውም ተከድኖ ይቀመጥ፣ ወጡም ሊወጣ ሲል ይጨመር። እኛም ጋዋን የለበስነው እያንዳንዱን በሽተኛ ስንቀበል ያንን የጎረቤት ጥያቄ እናንሣ፤ እህል ይቀምሳል? ምን ይቀምሳል? በቀን ስንት ጊዜ? ከማን ጋር? ከዚያም እናት «ብቻ ጨዋታ ትቷል» ስትለን ብዕራችንን አስቀምጠን እንስማት።